ግማሽ ሊትር

ከማተሚያ ቤቱ በር፣ እስከ ሸንጎው አጥር፣
ስድስት መቶ እርምጃ፣ በኔ እግር ሲቆጠር።
ቆጥሬዋለሁ እኔ፣ ገና ልጅ ሳለሁኝ፣
ዳቦ ልገዛ ስወጣ፣ ጥረዛው ሲሰለቸኝ።
ዘርጋው ዋቅቶላ ግን፣ ያቺኑ አጭር መንገድ
አሥራ ሦስት ዓመት ፈጀበት ለመሄድ።

ፊደል ለቃሚ ነበር።
እርሳሱን ከሳጥን፣ በጣቱ እየለቀመ፣
ከቀኝ ወደ ግራ ቃል እየገጠመ፣
ቀና ያለ ጽሑፍ ዓይኑን ያደክመዋል፤
«ዓለም ተገልብጣ ስትነበብ ይገባል»
ይል ነበር ሲስቅ።

ሻረው የታመመ ዕለት፣ እጁ እየሰነፈ፣
ድዱን ያየው ሐኪም «እርሳስ ነው» ሲል ጻፈ።
ያን ወረቀት ይዞ፣ ዘርጋው ላይ ወጣና፣
ከሥራ አስኪያጁ ፊት፣ ሳይጎነብስ ቆመና፣
«ወተት» አለ።
«ለያንዳንዱ ሠራተኛ፣ በቀን ግማሽ ሊትር።»
ሥራ አስኪያጁም ሳቀ፦ «ጡጦም እንጨምር?»

በዚያ ሳቅ ምክንያት፣ መኪናው ጸጥ አለ።
አሥራ አንድ ቀን ሙሉ። ጋዜጣ የታለ?
አዟሪው ከፒያሳ እስከ ለገሃር ባዶ እጁን ዞረ፣
ሹሙም ሊስትሮውም እኩል ወሬ ጠምቶት ዋለ።

የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ፣ እኔ ነበርኩ ያኔ፤
በብስኩት ቆርቆሮ፣ ሀብታችን ከጎኔ
ያድር ነበር። ባሌ፣ ስሙኒው ሲንኮሻኮሽ፣
«ይኸ ሰውዬ» ይል ነበር፣ «መቼ ነው ’ሚለቅሽ?»

ዘርጋውን ወሰዱት። ዓለም በቃኝ ገባ።
ሰባት ወር። ሲወጣ ከስቶ፣
ጢሙ ደረት ነክቶ፣
በሩ ላይ ጠበቅነው። እኔ ጠርሙስ ያዝኩ፤
«ተፈቅዷል! ወተቱ!» እያልኩ አለቀስኩ።

ከዚያ ምርጫ መጣ።
አንዱ አንበሳ ሲል፣ ሌላው ሲል ጎራዴ፣
የዘርጋው ምልክት ጠርሙስ ሆነ፤ ዘዴ!
ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣ እስከ ፊት በር ድረስ፣
ፊደል ያልቆጠረ ያውቃል መቼም ጠርሙስ።
እንደራሴ ሆነ።

መጀመሪያ ሰሞን፣ ምሳ ሰዓት ይመጣል፤
ኮቱን ሚስማር ላይ ሰቅሎ፣ ከኛው ጋር ይበላል።
ኋላ በመኪና። ኋላ በደብዳቤ።
ኋላ ፎቶው ብቻ፤ ፊቱን ለሁለት አጥፌ
ስደርብ፣ ዝም አለ ልቤ።
አልፈረድኩበትም። ያ የሸንጎው ሰዓት
ከኛ ግቢ ይታያል፤ ውስጥ ላለ ሰው፣ የት!

አንድ ሐሙስ ማታ፣ አንድ አዋጅ ወረደ፤
«ለነገ» ተባለ፣ ምድጃው ነደደ።
«ሥራ ያቆመ ሁሉ…» ብሎ፣
ወጣቱ ለቃሚ ማንበቡን አቆመ።
ማን እንደደገፈው ሰምተናል፤ ከቆሙት እጆች መሐል
አንዱ ከኛ ጋር የቆመ።

ከምሽቱ አራት ሲል፣ ዝናብ ውስጥ በር መታ።
ዘበኛው ስሙን ረስቶ፣ ጎንበስ አለ፦ «ጌታ…»
ካፖርቱ ይንጠባጠባል። ማንም አልተናገረ።
ከተደረደረው እርሳስ ላይ፣ ጣቱን እያኖረ፣
ከቀኝ ወደ ግራ (አልረሳም!) እስከ ግርጌ ሄደ፤
ተመለሰ፤ አንድ ቃል ላይ ቆመ።
«እዚህ ጋ ስህተት አለ።»

«ሠራተኛ» ከሚለው፣ «ኛ» ተገልብጧል።
በጥፍሩ ነቅሎ፣ አቃንቶ ከትቶታል።
ይኸው ነው ያረመው።
አዋጁ እንዳለ ነው፣ ፊደሉ ብቻ ቀና፤
ሌላ ምን ሊያርም ኖሯል፣ እጁን አውጥቷልና።

የማታው ፈረቃ ወተት፣ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤
በሰው ልክ ነው የሚመጣው፣ ለያንዳንዱ ግማሽ ሊትር።
የኔን ገፋሁለት።
አየው። አየኝ። ጠጣው፣ ሳይቀመጥ፣ እስከ ታች፤
ጢሙን በእጅጌው ጠርጎ፣ ደህና እደሩ ሳይል ወጣ።

ጠርሙሱ አንገት ላይ፣ ጥቁር የጣት አሻራ ቀርቷል።
ጠዋት ሳጥበው አልለቀቀም፤
ወይም እኔ አጥብቄ አላሸሁት ይሆናል።